በሐዋሳ ዙሪያ ለአረጋዊት እናትም ለልጆችም የሚሆኑ የእግር መንገዶች የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በታኅሣሥ ወር ከቨርጂኒያ ስለሚመጣ፣ እናታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ለመውረድ አስበናል። ልጆቹ የ8 እና የ11 ዓመት ናቸው። እናታችን 67 ዓመቷ ነው፤ በሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ብትሄድ አይከብዳትም፣ ቁልቁለት ሲሆን ግን ጉልበቷን ያማታል። ወንድሜና ባለቤቱ በሚኖሩበት አገር በየሳምንቱ ተራራ መውጣት የለመዱ ስለሆኑ፣ በሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሐይቅ ማየት ብቻውን አያረካቸውም። ከታኅሣሥ 18 ጀምሮ ሦስት ቀን አለን። እናታችን የምትችለው ቀላል መንገድ፣ እነርሱ ደግሞ በግማሽ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት መካከለኛ መንገድ ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከሐዋሳ ነዋሪ፦ ስለ መንገዱ ከመናገሬ በፊት ስለ ቀኑ ልንገርዎ። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ በሐዋሳ ገብርኤል ለሚከበረው ንግሥ ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ስለሚመጣ፣ በእነዚያ ቀናት የሆቴል ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ወደ ሐይቁ የሚወስደው ዋና ጎዳናም በሰው ይሞላል። ለንግሡ መምጣት የሚፈልጉ ከሆነ መልካም ነው፤ ለእግር ጉዞ ከሆነ ግን ከ21 በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።

ለእናትዎ የሚስማማው መንገድ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ በዳርቻው የተሠራው ካብ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ወደ ከተማዋ የሚገፋውም ስለዚህ ነው። ካቡ ላይ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ በብዙ ቦታ የዛፍ ጥላ አለው፣ በዋርካዎቹ ላይ ጉሬዛ ይታያል፣ ሲደክማትም ወደ አስፋልቱ ወጥታ ባጃጅ መያዝ ትችላለች። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነሥታችሁ ሐይቁን በስተ ቀኝ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ብትሄዱ አሞራ ገደል ትደርሳላችሁ። እዚያ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ፣ ቁመታቸው ከትንሹ ልጅ ቁመት የማያንስ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎችም የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ስለሚታዩ፣ ልጆቹን ከዚያ ማስነሣት ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን የዓሣ ገበያው ይበተናል፣ ፀሐዩም ይበረታል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ እየወረደ ተራራ የሚወጣ አባል፦ ለወንድምዎ የመጀመሪያው ቀን መንገድ ታቦር ይሁን። ከከተማው ሳይወጡ በእግር የሚደርሱበት ኮረብታ ነው፤ መውጫው አጭር ቢሆንም በአንዳንድ ቦታ ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩም ስለሚንከባለል ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ማታ መውጣት ይወዳል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ውሃውንና ማዶ ያለውን ተራራ አጥርታ ታሳያችኋለች፤ ማታ ግን ዓይናችሁን ትወጋለች፣ ስትወርዱም ይጨልምባችኋል። ንብረት የመነጠቅ ነገርም በየትኛውም ከተማ ዳር እንዳለው ሁሉ ስለሚኖር፣ ብቻ አለመሄድና የአካባቢውን ልጅ ይዞ መውጣት ይመረጣል።

ጉልበት ከተረፋቸው በሁለተኛው ቀን ከከተማዋ በስተ ደቡብ ያለውን አላሙራን ይሞክሩ። ከታቦር ከፍ ያለና ሰፊ ነው፤ በተዳፋቱ ላይ ሰዎች ይኖራሉ፣ ያርሳሉም። ምልክት የተደረገበት መንገድ ስለሌለውና ቅያሶቹ ወደ ሰው ጓሮ ስለሚገቡ፣ ሲዳምኛ የሚናገር መሪ መያዝ መንገድ ከመሳት ያድናል፣ ሰላምታ ለመስጠትም ይጠቅማል። እናትዎም እስከ ታቦር እኩሌታ ድረስ ቀስ ብላ ብትወጣ የምትችል ይመስለኛል።

መልስ፣ ከጤና ባለሙያ፦ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አልስማማም። ጠያቂው እንደ ነገሩን እናታቸውን የሚያማቸው ቁልቁለቱ ነው። ወደ ላይ መውጣት ልብንና ሳንባን ይፈትናል፤ ጉልበትን የሚጎዳው መውረዱ ነው፣ ምክንያቱም ሰውነት በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበቱ ላይ ያርፋል፤ እኩሌታው ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ያንኑ እኩሌታ መውረዱ አይቀርም። የሚንከባለል ድንጋይ ሲጨመርበት ጉዳቱ የከፋ ነው። በሜዳው ላይ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢሄዱ ይሻላል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ብልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚተላለፈው በዳርቻው ሣርና ቄጠማ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጥገኛ ተሕዋስ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ ውሃውን ሳይጠጡ እግርን ብቻ መንከር ይበቃዋል። ልጆቹ ከረጅም ጉዞ በኋላ ጫማ አውልቀው መግባት እንደሚያምራቸው ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የምናገረው። በጀልባ መሄድ አያሰጋም። የገባ ሰው ካለ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ቨርጂኒያ ሲመለሱ ለሐኪማቸው ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ገብተው እንደነበር ይንገሩ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል። በተጨማሪም ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የወባ አገር ናት፤ ታኅሣሥም ወባ የሚበዛበት ወቅት መጨረሻ ስለሆነ፣ ከመምጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፣ ሲመሽም ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

መልስ፣ በወንዶ ገነት የተማረ አባል፦ ሦስተኛውን ቀን ለወንዶ ገነት ስጡት። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከሻሸመኔ ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍል ውሃው መዋኛ በላይ ያለው ዳገት የተፈጥሮ ደን የቀረበት ነው፤ የደን ኮሌጁ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ዝግባውንና ዋንዛውን በስም እየጠራን የምንፈተነው እዚያው ነበር። መካከለኛ መንገድ የሚባለው ይህ ነው፦ ዳገቱ እውነተኛ ዳገት ነው፣ ጥላው ግን ከታቦር እጅግ ይበልጣል፣ የ11 ዓመቱ ልጅም ይችለዋል። ከአካባቢው ወጣቶች አንዱን ይዛችሁ በጠዋት ጀምሩ፤ ጉሬዛና ዝንጀሮ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የፍል ውሃው ምንጭ ድንች ስለሚያበስል ልጆቹ ወደ ምንጩ ዓይን እንዳይጠጉ ጠብቋቸው። እናትዎ በዚህ ጊዜ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃችሁ፣ ወይም ጉልበቷን በሞቀው መዋኛ ታሳርፈው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 22 አዛውረነዋል፤ ንግሥ መሆኑን አውቅ ነበር፣ ሕዝቡ ሆቴል እስከማሳጣት መድረሱን ግን አላሰብኩም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁላችንም ካቡ ላይ ሄደን አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን፣ በሁለተኛው ቀን ወንድሜና ባለቤቱ ታቦርን ይወጣሉ፣ በሦስተኛው ወንዶ ገነት። አላሙራን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአሞራ ገደል በኋላ ሐይቁን ተከትለን ወደ ፊት በእግር ብንቀጥል ምን ያህል እንሄዳለን? ጉማሬስ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል?

መልስ፣ ከሐዋሳ ነዋሪ፦ ጉማሬ በእግር አይፈለግም። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ይጠቃል። ስለዚህ ከመኖሪያ ቤቶች የራቀውን ቄጠማማ ዳርቻ ከ11 ሰዓት በኋላ አትሂዱበት፣ በማለዳም ብርሃን በደንብ ሳይወጣ አትጀምሩ። ማየት ከፈለጋችሁ ከአሞራ ገደል ጀልባ ተከራዩ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ለአንድ ሰው ይሁን ለጀልባው በሙሉ ለይታችሁ ተነጋገሩ፤ ለልጆቹ የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ተሳፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣም ጠዋት ያድርጉት። ከአሞራ ገደል አልፎ በእግር ስለ መቀጠል፣ እናትዎ አንድ ሰዓት ብቻ የምትችል ከሆነ መመለሻውንም መቁጠር አለባችሁ፤ እኔ ብሆን እዚያው በባጃጅ አሳፍሬ እመልሳት ነበር።

ዝንጀሮና ጉሬዛ ስላሉ ብዙ ሰው ስለ ጦጣዎቹ ይረሳል። የምግብ ፌስታል በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በተለይ ሙዝ ያየች ጦጣ ከልጅ እጅ መንጠቅ አይከብዳትም።