ክርክር፦ ገበያ ያነገሠው የግሪክ ፖፕ አልበም ከሬቤቲኮ ጎን ቦታ ይገባዋል?

መነሻ ሐሳብ

የግሪኳ ድምፃዊት ዴስፒና ቫንዲ «ያ» የተባለውን አልበሟን ያወጣችው በ2001 መጨረሻ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)። ግጥሙም ዜማውም የዘፈን ደራሲው የፊቮስ ነው። አልበሙ ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው፤ በ2002ም ሞናኮ ላይ በአገራቸው ብዙ ለሸጡ ድምፃውያን የሚሰጠውን የወርልድ ሚዩዚክ ሽልማት ተቀበለች። ይህን የመሰለ ሥራ የግሪክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ከሬቤቲኮ (በግሪክ ከተሞች ድሆች ዘንድ ያደገ የድሮ ዘፈን) ጌቶች ከማርኮስ ቫምቫካሪስና ከቫሲሊስ ጺጻኒስ ሥራዎች ጎን ሊቀመጥ ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ወዶ የዘፈነውን ነገር «የገበያ ዕቃ ነው» ብሎ ከታሪክ ማስወጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ተቃውሞ

ወንድሜ፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥህ አሳዝኖኛል። ሬቤቲኮ ከመከራ የተወለደ ነው። በ1922 በትንሿ እስያ ያለችው ሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር) ስትቃጠል ባሕር ተሻግረው የመጡ ስደተኞች፣ የፒሬየስ ወደብ ጫኝና አውራጆች፣ እስረኞችና የሐሺሽ ቤት ሰዎች ያወጡት ድምፅ ነው። «ያ»ን ያሳተመው ሄቨን ሚዩዚክ ግን የአንቴና ቴሌቪዥን ቡድን ኩባንያ ነው። ጣቢያው የራሱን ኩባንያ ዘፈን ጠዋት ማታ ሲያሰማ ሕዝቡ መረጠ ይባላል? ሽያጩም ቢሆን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። የወርቅና የፕላቲነም ሰርተፊኬት ይሰጥ የነበረው ለሱቆች በተላከው ሲዲ ልክ እንጂ ገዢ እጅ በገባው አይደለም። መለኪያውም የሲዲ ገበያ በደከመ ቁጥር ደጋግሞ ዝቅ ተደርጓል።

መልስ

ስለ ሰርተፊኬቱ ያልከው ልክ ነው፤ እኔም በፕላቲነም ቁጥር አልከራከርም። ስለ ሬቤቲኮ ልደት ያልከው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ቫምቫካሪስ የዘፈነው ለሐሺሽ ቤት ብቻ አይደለም፤ ለሸክላ አሳታሚዎችም ዘፍኗል። ኮሎምቢያና ኦዲዮን ሬቤቲኮን ያሳተሙት ለትርፍ ነው። ያ ትርፍ ፈላጊነት ባይኖር ኖሮ ዛሬ አንተም እኔም የቫምቫካሪስን ድምፅ ከየት እንሰማው ነበር?

ደግሞስ ያን ጊዜ የተማረው ክፍል ስለ ሬቤቲኮ ምን ይል እንደነበር እናስታውስ። ከ1936 በኋላ የሜታክሳስ አምባገነን መንግሥት ግጥሞቹን በሳንሱር ቆራረጠ። የምሥራቅ ሽታ አለው፣ አገር ያዋርዳል ተባለ። በ1949 ማኖስ ሃጂዳኪስ አቴንስ ላይ ስለ ሬቤቲኮ ንግግር ሲያደርግ፣ አንድ የተማረ የሙዚቃ ሰው የወሮበላ ዘፈን ያወድሳል ብለው የተቆጡ ብዙ ነበሩ። በ1960 ሚኪስ ቴኦዶራኪስ የያኒስ ሪጾስን ግጥም ሬቤቲኮ በሚታጀብበት ባለ ክር መሣሪያ በቡዙኪ ሲያሰማም ጋዜጣው ሁሉ በክርክር ተሞላ፤ ታላቅ ግጥም በመጠጥ ቤት መሣሪያ ረከሰ ተባለ። በ2017 ዩኔስኮ ሬቤቲኮን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ዛሬ ቫንዲ ላይ የሚወረወረው ቃል ከዚያ ዘመን ቃል በምን ይለያል? «ርካሽ»፣ «የምሥራቅ ቅጂ»፣ «የጭፈራ ቤት»። አንድም አዲስ ነገር የለበትም።

ከአቴንስ

ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ሲዲ ነው። እኔ እዚህ አቴንስ ውስጥ ከእነዚያ የቡዙኪ አዳራሾች በአንዱ በጽዳት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስተናጋጆች ጋሪፋሎ የሚሉትን አበባ (ካርኔሽን) ግንዱን ቆርጠው በሰፌድ መሳይ ትሪ ላይ ደርድረው ለእንግዶች ይሸጣሉ። እንግዳው ገዝቶ መድረኩ ላይ ይበትነዋል። ንጋት ላይ እኛ ስንጠርገው እርጥብ አበባ መሬቱ ላይ ተጣብቆ በመጥረጊያ አልነሣ ይላል፤ በእጅ እየለቀምን በትልልቅ ከረጢት እናወጣዋለን። የአንድ ሰው ደሞዝ የሚያህል ገንዘብ በአንድ ጠረጴዛ ሲበተን አይቻለሁና ንግዱን አላደንቅም።

ግን አንድ ነገር አለ። ዘይቤኪኮ የሚባለው የብቻ ጭፈራ ሲመታ ወለሉ የአንድ ወንድ ነው። ጓደኞቹ ተንበርክከው ያጨበጭቡለታል፤ ሌላ ሰው ከገባበት ጠብ ይነሣል። የእነ ቫንዲ ዘፈን ሲመጣ ግን ሴቶቹ ይነሣሉ፤ ከሱቅ ሠራተኛዋ እስከ ጠበቃዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ቃሉን በሙሉ ይዘፍኑታል። ፈቃድ የጠየቁት ሰው የለም። ይህ በታሪክ ካልተጻፈ የእነዚህ ሴቶች ሌሊት የት ሊጻፍ ነው?

ተቃውሞ

እህቴ፣ ያየሽውን አከብራለሁ። ነገር ግን ሬቤቲኮን የወንድ ብቻ አድርገሽ አትሳዪው። ድምፃዊቷ ሮዛ እስኬናዚ በ1930ዎቹ ሸክላ ላይ ነግሣ ነበር፤ ሌላዋ የሬቤቲኮ ድምፃዊት ሶቲሪያ ቤሉ ደግሞ በማንም ፊት አንገቷን ያልደፋች ሴት ናት። ጠረጴዛ ላይ የሚወጡት ሴቶች የሚዘፍኑት ቃልስ የማን ነው? አንድ ወንድ ስለ ሴት ፍቅርና ቅናት የጻፈውን ነው። የራሳቸው ድምፅ እንዳይመስልሽ።

መልስ

ቤሉ ታላቅ ናት፤ ግን ታላላቅ ዘፈኖቿን ማን ሰጣት? ጺጻኒስ ነው፤ ለድምፃዊቷ ማሪካ ኒኑም የጻፈላት እሱ ነው። ወንድ የጻፈውን ቤሉ ስትዘፍነው የራሷ ድምፅ ከሆነ፣ ቫንዲ ፊቮስ የጻፈውን ስትዘፍን የሌላ ሰው ድምፅ የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ይህን አስረዳኝና ከዚያ ስለ አንቴና ቴሌቪዥን እንነጋገራለን፤ እዚያ ላይ ብዙ እንደምንስማማ አውቃለሁ።