ሞርፊኑ ተገልብጦ ይገባብኛል

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ሶኬት አጠገብ ተቀምጬ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ሞርፊን ከሙ ኦፒዮይድ ሪሴፕተር (ሕመም የሚያስታግስበት የሴል ፕሮቲን) ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በአውቶዶክ ቪና ማሳየት አለብኝ። ቪና ዶኪንግ የሚሠራ፣ ማለትም አንድ ሞለኪውል ፕሮቲን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚገምት ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ2012ቱን የአይጥ ሪሴፕተር የክሪስታል መዋቅር፣ 4ዲኬኤልን (4DKL)፣ ወሰድኩ። እሱ ግን በአጋጅ መድኃኒት የተያዘ፣ ያልነቃ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ወደነቃው ቅርጽ፣ ወደ 2015ቱ 5ሲ1ኤም (5C1M)፣ ዞርኩ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሊጋንድ (ተያያዥ ሞለኪውል)፣ ቢዩ72ን (BU72)፣ አወጣሁ፣ ውሃውን በሙሉ አጠፋሁ፣ ሃይድሮጅን ጨመርኩ። ለሞርፊኑ ናይትሮጅን ፖዘቲቭ ቻርጅ ሰጠሁት። ቪና የሚፈልግበት ሳጥን በየጎኑ 22 አንግስትሮም ነው።

ሞርፊኑ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ግን ተገልብጦ። ፓይሞል (የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም) ላይ ሳየው ሰማያዊው ናይትሮጅን ፊቱን ወደ ኪሱ አፍ አዙሯል። ከአስፓርቴት 147 (ኪሱ ውስጥ ያለ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው አሚኖ አሲድ) እስከ 3 አንግስትሮም ድረስ መጠጋት ሲገባው 7 ይርቃል። ቪና ለአያያዙ ጥንካሬ የሚሰጠው ስኮር ግን ያምራል፤ እሱን ብቻ ባምን ተሸውጄ ነበር። የፍለጋውን መጠን (exhaustiveness) ከ8 ወደ 32 ከፍ አድርጌ ሦስቴ ደገምኩት፤ ያው ነው። መሀል ላይ መብራት ሄዶ አንዱን ሙከራ ከዜሮ ጀምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። በክሪስታሉ ላይ በሂስቲዲን 297 (ሌላ የኪሱ አሚኖ አሲድ) እና በሊጋንዱ ፌኖል (ኦኤች ባለው ቀለበት) መካከል ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ድልድይ ሠርተዋል። እኔ እነሱንም አብሬ ጠርጌያቸዋለሁ።

በዚህ ሪሴፕተር ላይ ዶኪንግ የሠራችሁ፣ ሁለቱን ውሃዎች የፕሮቲኑ አካል አድርጌ ባስቀራቸው ሞርፊኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ይገባል?