አስቸኳይ፦ ችግኞቹ ጠውልገው ደረሱ፣ ነገ ጠዋት ተማሪዎች ሊተክሉ ነው

የተራራው ማዕከል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለመስክ ትምህርት ማዕከላችን የታዘዙት የአገር በቀል ዛፍ ችግኞች ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሱ። የጭነት መኪናው ሸራ ሳይለብስ ነው የመጣው፤ ንፋሱ ቅጠላቸውን አጠውልጎታል። የአንዳንዶቹ ከረጢት ተቀዶ አፈሩ ረግፏል፣ ሥራቸው ይታያል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። ተማሪዎቹ ነገ ሊተክሉ ተዘጋጅተዋል፣ ከነገ ወዲያ ወደ ከተማ ይመለሳሉ። እንትከላቸው ወይስ እናቆያቸው?

ደገኛው፦
ጥላ ሥር አድርጓቸውና ውሃ አጠጧቸው። ይድናሉ።

የታሪክ ወዳጅ፦
በመጀመሪያ አገር በቀል ዛፍ በመምረጣችሁ ልትመሰገኑ ይገባል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ገባ። ቶሎ ስለሚያድግና ተቆርጦም ስለሚያቆጠቁጥ ገበሬው ወደደው። የደጋው ጽድና ወይራ ግን እየተመናመነ ሄዶ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ለተማሪዎቹ ይህን ሳትነግሯቸው ዶማ አታስጨብጧቸው።

ችግኝ አፍይ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገሩንም። ከፍታችሁ ስንት ነው? የመጡትስ የትኞቹ ዛፎች ናቸው?

የተራራው ማዕከል፦
እህት ነኝ። ሰሜን ሸዋ፣ 2,900 ሜትር ገደማ። ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ናቸው።

መንገደኛ፦
ውሃ ማጠጣትና ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው መፍትሔው።

የመንዝ ልጅ፦
እኔ መትከሉ ራሱ አይገባኝም። በየክረምቱ ይተከላል፣ በበጋ በግና ፍየል ይጨርሰዋል። ቦታውን ከከብት ከልክሉት፣ ዛፉ ራሱ ይመጣል። አባቶቻችን ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ ሣር ምድር፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ በጋራ እየወሰኑ ነው ጠብቀው ያቆዩት። የጠበቁት በመከልከል እንጂ ችግኝ በመትከል አይደለም።

የተራራው ማዕከል፦
አጥር አለን፣ ከተዘጋም ቆይቷል። የበቀለው ግን ሣርና የቀጋ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። በአካባቢያችን ዘር የሚጥል እናት ዛፍ አልቀረም፤ ከየት ይምጣ?

የመንዝ ልጅ፦
እንደዚያ ከሆነ ትክክል ነሽ። ቀጋውን ግን እንዳትመነጥሩት።

ችግኝ አፍይ፦
እህቴ፣ ነገ ጠዋት አትትከሉ። አሁኑኑ ንፋስ የማያገኘው ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርገሽ ደርድሪያቸው፤ ከረጢቱ ከሥር እስኪያንጠባጥብ ድረስ አጠጪ፣ ማታም ድገሚ። አፈራቸው የረገፈውን ለይተሽ ሥራቸውን በቀጭን ጭቃ ንከሪ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልይ፣ ከቅጠላቸውም ግማሹን ቀንሺ። መጀመሪያ የሚተከሉት እነሱ ናቸው። ተከላው ነገ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን፤ ደመና ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ተማሪዎቹ ችግኙን በግንዱ አንጠልጥለው እንዳይሸከሙ ተቆጣጠሪ፣ ሥሩ ከአፈሩ ይላቀቃል። ከረጢቱን ቀደው ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ከታች ተጠምዝዞ የዞረ ሥር ካለ በስለታም ቢላዋ ይቆረጥ፤ እንደተጠመዘዘ ከተተከለ ዛፉ ከዓመታት በኋላም ሊወድቅ ይችላል። የችግኙ አንገት፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን።

ዋንዛውን ተዪው። የወይና ደጋ ዛፍ ነው፣ በእናንተ ከፍታ ውርጭ ይገድለዋል። ከእናንተ በታች ላለ ትምህርት ቤት ስጪ።

ደገኛው፦
ዋንዛ በእኛ ግቢ በቅሏል፣ እኛም ደጋ ነን።

ችግኝ አፍይ፦
ከቤት ግድግዳ ጥግ ከሆነ ይሆናል። ሜዳ ላይ ግን ጥቅምት ሲገባ ይታያል።

ዘነበ ወርቅ ሰፈር፦
ኮሶ እየተከላችሁ ከሆነ ልጆቹ ጥሬ ሥጋ ሳይፈሩ ሊበሉ ነው! ለማንኛውም ተባዕቱና እንስቱ በየራሳቸው ዛፍ ላይ ስለሆኑ አራርቃችሁ ሳይሆን በርከት አድርጋችሁ በአንድ አካባቢ ትከሉ፤ ነገ ዘር የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኮሶ ብርሃን ይወዳልና ገላጣው ላይ ይሁን። ደግሞ ፍልፈል ተመልከቱ። ትኩስ የአፈር ክምር ካለበት አጠገብ የተከልነውን ሁሉ ሥሩን ከታች በልቶብናል፤ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ቆይቶ ስንነካው ተነቅሎ ወጣ።

የመንዝ ልጅ፦
ቀጋውን አትመንጥሩ ያልኩት ለከለላውም ነው። ወይራውንና ጽዱን ከቀጋው በስተ ምዕራብ አስጠግታችሁ ትከሉ። በውርጭ ያደረ ችግኝን ይበልጥ የሚጎዳው ድንገት የሚያርፍበት የጠዋት ፀሐይ ነው፤ ቁጥቋጦው ያንን ይከልለዋል። እሾሁም በግ ያርቃል።

የተራራው ማዕከል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋንዛውን ለይተናል፣ ተማሪዎቹም ውሃ እየቀዱ ነው። የፍልፈል ክምር ግን በታችኛው ተዳፋት ላይ ብዙ አለ፣ ጉድጓዱ ደግሞ አብዛኛው እዚያ ነው የተቆፈረው።

ዘነበ ወርቅ ሰፈር፦
ከሆነ ወደ ላይኛው አዙሩት። ለነገ ከሰዓት አዲስ ጉድጓድ ይደርሳል፣ ልጆቹ ጠዋት ሥራ የላቸውም።

ደገኛው፦
ውሃውን ማታም አትርሱ።

ችግኝ አፍይ፦
ላይኛው ድንጋያማ ነው ወይስ አፈር አለው? ድንጋያማ ከሆነ ከጉድጓዱ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ክመሩ፣ የቀረው ዝናብ እንዳያመልጥ። ነሐሴ እየተጋመሰ ነው። እህቴ፣ መልሺልን።