ከፍቺ በኋላ ልጅ ከትምህርት ሲቀር

ውድ እህቴ፣

ከባለቤትዎ ጋር ከተለያያችሁ ወዲህ ልጅዎ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ከትምህርት እንደሚቀርና ትምህርት ቤቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮ ለስብሰባ እንደጠራዎት የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ አባት ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ስለ ደብዳቤው ልንገርዎት። «ልጄ ሲታመም ደውዬ አስፈቅጃለሁ፤ ታዲያ ለምን እከሰሳለሁ?» ብለዋል። ብዙ ወላጆችን ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሁለት የተለያዩ አቆጣጠሮች አሉ። አንደኛው ያለ ፈቃድ የቀረበትን ቀን ብቻ የሚቆጥር ሲሆን፣ ወደ ሕግ ጉዳይ የሚያመራውም በአብዛኛው እርሱ ነው። ሁለተኛው ግን ምክንያቱ ሕመምም ይሁን ሌላ፣ ተፈቀደም አልተፈቀደም፣ ልጁ ያልተገኘበትን ቀን ሁሉ ይደምራል፤ ድምሩ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶ ከደረሰ ልጁ በተደጋጋሚ ቀሪነት ይመዘገባል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀናት ካሉት ይህ 18 ቀን ነው፤ በወር ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። በእንግሊዝ የምትኖሩም መለኪያው ያው 10 በመቶ መሆኑን እወቁ፤ እዚያ ግን ጠዋቱና ከሰዓት በኋላው ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ግማሽ ቀን መቅረትም ይደመራል። ስለዚህ ማስፈቀድዎ ከአንደኛው አቆጣጠር ያድንዎታል፤ ከሁለተኛው ግን አያድንም። ደብዳቤው ክስ ነው ብለው ከመደንገጥ ይልቅ በየትኛው አቆጣጠር እንደተላከ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ከልጄ እናት ጋር ስንፋታ ልጃችን የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንድ ሳምንት ከእኔ፣ አንድ ሳምንት ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ በልቤ ያልኩት «በእናቷ ሳምንት ነው የምትቀረው» ነበር። እናቷም ስለ እኔ ያንኑ ታስብ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ሁለታችንም አልዋሸንም። እኔ ቤት በወር አንድ ቀን፣ እርሷ ቤትም እንዲሁ አንድ ቀን፣ አልፎ አልፎም ተጨማሪ ስለምትቀር ለእያንዳንዳችን ትንሽ ነገር ይመስለን ነበር፤ ሁለቱን የሚደምር ሰው አልነበረም። ከጽሕፈት ቤቱ የአቴንዳንስ ወረቀቱን አስወጥቼ የእኔን ሳምንታት በአንድ ቀለም፣ የእርሷን በሌላ ቀለም አሰመርኩባቸው። የዓመቱ ቀሪ 23 ቀን ነበር፤ 12ቱ በእኔ ሳምንት፣ 11ዱ በእርሷ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ከ23ቱ ቀናት 14ቱ ሰኞ መሆናቸው ነው። ልጃችን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምትሻገረው እሑድ ማታ ነበር።

ያን ጊዜ ያልገቡኝ ጠዋቶች ትዝ አሉኝ። ልጄ አንዱን ጫማ አድርጋ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ትቀመጥና «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። ግንባሯን ስዳስሰው ትኩሳት የለም። ሥራ ይረፍድብኛል፣ እርሷ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻም «ይሁን፣ ዛሬ እረፊ» እላለሁ። ረፋዱ ላይ ሕመሙ ይለቃትና ሥዕል ስትሥል አገኛታለሁ። ይህን እንደ ማታለል ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። የጭንቀት ሕመም በእርግጥ ያማል፤ የሚያስጨንቀው ነገር ሲርቅ ይጠፋል፣ ሲቀርብ ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪም አይቶ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠልዎ በኋላ፣ ሕመሙ ቅዳሜና እሑድ ወይም በዕረፍት ወራት ይኖር እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ከትምህርት ቤት የሚሸሽ ልጅ የሚሸሽበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በክፍል ውስጥ ያለው ነገር ያስፈራዋል፤ ሌላው ተነሥቶ ማንበብን ወይም ፈተናን፣ በሰው ፊት መታየትን ይሸሻል፤ ሌላው ከወላጁ መለየት አይፈልግም፤ ሌላው ደግሞ ቤት የሚጠብቀው ስልክና ጨዋታ ይስበዋል። ከፍቺ በኋላ ሦስተኛው ይበረታል። ልጄን ሳላፋጥጥ፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሄድ ጠየቅኋት፤ ብዙ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «አባዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አንተ ከማን ጋር ትሆናለህ?» አለችኝ። አንዳችን ትተናት የሄድን መስሎ ስለታያት፣ እርሷም ከሄደች የቀረው ሰው የሚጠፋ ይመስላት ነበር። ከዚህ ሌላ ቀላል ነገርም ነበረ፤ የቤት ሥራው ደብተር በዚያኛው ቤት ስለሚረሳ ባዶ እጇን ክፍል መግባት ያሳፍራት ነበር። ሁለተኛውን ችግር ከቤት ወደ ቤት የምትሻገርበትን ጊዜ ከእሑድ ማታ ወደ ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ በማዛወር በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈታነው፤ ቦርሳዋ ከክፍል በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል፣ ሁለት ቀንም ተረጋግታ ትቆያለች። የመጀመሪያው ግን ወራት ወሰደ።

ቤት የዋለ ልጅ በነጋታው መሄድ ይበልጥ ይከብደዋል፤ እያንዳንዱ ቀን ግድግዳውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አርፍዶም ቢሆን፣ ለሁለት ክፍለ ጊዜም ቢሆን ይሂድ። በር ላይ የሚቀበለው አንድ የሚያምነው ሰው፣ ካውንስለሩም (የተማሪዎች አማካሪውም) ይሁን መምህሩ፣ እንዲመደብለት ይጠይቁ። በእርግጥ መሄድ ያልቻለ ቀን ደግሞ ቤቱ በትምህርት ሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ የሌለበት ጸጥ ያለ ቤት ይሁን፤ ይህም በሁለቱም ቤት እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ልጁ ወደሚቀልለው ያዘነብላል። ጭንቀቱ በሐኪም የታወቀ ከሆነ፣ በአሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 መሠረት ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ማስተካከያ ዕቅድ እንዲያወጣለት መጠየቅ ይችላሉ።

በእኛ በስደተኞች ቤት የተለመደ፣ በግልጽ መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። ከፍቺ በኋላ የቢሮ ቀጠሮ ይበዛል፤ እንግሊዝኛ የሚችለውም ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። ለማስተርጎም ብለን ከክፍል እናስወጣዋለን፤ ታናሹን እንዲጠብቅም ቤት እናስቀረዋለን። እባክዎ ይህን ይተዉ። ልጁ ከትምህርቱ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን የወላጆቹን የክርክር ቃል በራሱ አንደበት እንዲናገር መገደዱ ይጎዳዋል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ማክበር ስላለበት፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ እንዲያገኝ ማድረግ ይኖርበታል። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ በጽሑፍ ቀድመው ይጠይቁ፤ ክፍያ አይጠየቁም።

«አባቱ መዝገቡን የማየት መብት አለው ወይ?» ላሉት፣ አዎን፣ በ1974ቱ የቤተሰብ የትምህርት መብቶችና የግል ምስጢር ሕግ መሠረት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልከለከለው በስተቀር ልጁ አብሮት ባይኖርም የማየት መብት አለው። በእንግሊዝም በ1996ቱ የትምህርት ሕግ አብሮ የማይኖር ወላጅ ጭምር ስለ ልጁ መቅረት ሊጠየቅ ይችላል። የሁለታችሁም ስልክና ኢሜይል በትምህርት ቤቱ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ እኛ ጋ የመቅረት ጥሪው ለረጅም ጊዜ የሚደርሰው ለአንዳችን ብቻ ስለነበር ሌላው ምንም አያውቅም ነበር።

መዝገቡን በአሳዳጊነት ክርክር ላይ እንደ ማስረጃ ለማቅረብ እንደሚፈተኑ አውቃለሁ፤ እኔም ተፈትኜ ነበር። ዳኛው የልጁን ጥቅም ስለሚመለከት ወረቀቱ ሊጠቅምዎ ይችል ይሆናል። ነገር ግን አባቱ ወረቀቱን እንደ ጦር ካየው ስለ ሰኞ ጠዋት እውነቱን አይነግርዎትም፤ እርስዎም ያለ እርሱ እውነት ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። ይህን የምለው በመካከላችሁ ድብደባ ወይም ዛቻ ካልነበረ ነው። ከነበረ ምክሬን ይተዉትና በቀጥታ አይነጋገሩ፤ ጉዳዩ በጠበቃና በትምህርት ቤቱ በኩል ይሂድ፤ የጥበቃ ትእዛዝ ካለም ኮፒውን ለጽሕፈት ቤቱ ይስጡ።

ስብሰባው የፊታችን ሐሙስ ነው ብለዋል። ከዚያ በፊት ወረቀቱን ያስወጡ፤ ሁለቱን ቤቶች በሁለት ቀለም ያስምሩ፤ ቀናቱ ከምን ጋር እንደሚገጥሙ ይመልከቱ። ለአባቱም አንድ ኮፒ ይላኩለት፤ ቀለም ያልነካው፣ ከላዩ ምንም ያልተጻፈበት።