«ህልሙን ሸጠ» ስትሉ የማንን ህልም ነው?

የማታ ተረኛ፦
ትናንት አንዱ እዚሁ «ስታርታፕ (ገና ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ) ትቶ ትልቅ ኩባንያ የገባ ሰው ህልሙን ሸጧል» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ «እውነት ነው» እያለ ከሥር ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ሆዴን እየበላኝ ነው። እኔ 4 ዓመት ተኩል ስታርታፕ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰርቨር በሌሊት ሲወድቅ ስልኩ የሚጮኸው እኔ ትራስ ሥር ነበር። ልጄ የተወለደች ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ ዳታቤዝ እያስተካከልኩ ነበር። ነርሷ «የሕፃኗ አባት!» ብላ ሁለቴ ጠርታኝ አልሰማሁም። በሦስተኛው አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው ትከሻዬን የነኩኝ። ከወጣሁ 8 ወር ሆነኝ። እስቲ የሸጥኩትን ንገሩኝ።

ጽኑ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ስለ እንቅልፍ አላወራሁም። ከምንም ተነስቶ ነገር መሥራት የለመደ ሰው ትልቅ ኩባንያ ሲገባ ያ ነገሩ ይሞታል ነው ያልኩት። ዶጅቦልን ተመልከት፣ ጓደኛሞች የት እንዳሉ በስልክ የሚነጋገሩበት አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ገዛው። መሥራቾቹ አብረው ገቡ፣ በቂ ሰው እንኳ አልተመደበላቸውም፣ በ2007 ለቀው ወጡ። በ2009 ጉግል ዘጋው። አንዱ መሥራች ዴኒስ ክራውሊ በዚያው ዓመት ፎርስኩዌር የሚባል ተመሳሳይ መተግበሪያ ይዞ ብቅ አለ። ያው ሰው ነው። የተለየው ቦታው ነው።

ደረሰኝ ያዥ፦
ጽኑ ወንድሜ፣ የዶጅቦል ሰዎች መሥራቾች ናቸው። ህልሙም የእነሱ፣ ገንዘቡንም የተቀበሉት እነሱ። የማታ ተረኛ ተቀጣሪ ነው። የሌላ ሰው ንብረት እንዴት ይሸጣል? አንዳንዴ የምትጽፉትን ሳይ የአክሲዮን ኦፕሽን (የኩባንያውን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት) ውል አንብባችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። በአብዛኛው ውል መብቱ ሙሉ በሙሉ የአንተ የሚሆነው በ4 ዓመት ነው፣ ከ1 ዓመት በፊት ከወጣህ ምንም የለህም። ከዚያ በኋላ ስትወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ 90 ቀን ይሰጥሃል፣ በዚያ ውስጥ ከኪስህ ከፍለህ ካልገዛህ ወደ ኩባንያው ይመለሳል። ፒንተረስት በ2015 ቢያንስ 2 ዓመት ለሠራ ሰው ይህን ወደ 7 ዓመት አራዘመው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ብዙው ግን በ90 ቀኑ ቀጠለ። እኔ ስወጣ የተጠየቅኩት የ5 ወር ደመወዜን ነበር። ከየት አምጥቼ? ቀኑ አለፈ፣ ቀረ። 3 ዓመት የደከምኩበት። ያን ቀን የሸጠ ሰው የለም፣ የተወሰደባት ሰው ናት ያለችው።

ጽኑ፦
ስለደረሰብሽ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ትልቆቹም በአክሲዮን ያስራሉ። አማዞን ቃል ከገባው አክሲዮን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው በመጀመሪያው ዓመት 5፣ በሁለተኛው 15፣ ከዚያ 40 እና 40 በመቶ እያለ ነው። ደግሞ ዋትስአፕን በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ሠራተኞቹ 55 ብቻ ነበሩ። ያመኑ 55 ሰዎች!

ደረሰኝ ያዥ፦
የአማዞኑ እጅህ ሲገባ ገበያ ወስደህ ትሸጠዋለህ። የስታርታፑን ማን ይገዛሃል? ኩባንያው ቢሸጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ኢንቨስተሮች ያስገቡትን ቀድመው ያወጣሉ፣ ዋጋው ዝቅ ካለ ለሠራተኛው አይተርፍም። ዋትስአፕን ሁሉም ይጠራል። የተዘጉትንስ ማን በስም ያውቃቸዋል? እነሱም ቤት ያመኑ ሰዎች ነበሩ።

ጽኑ፦
ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ ብራያን አክተን በ2017 ፌስቡክን ሲለቅ ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አክሲዮን ጥሎ ነው የወጣው። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ምን ቢያይ ነው?

የማታ ተረኛ፦
ቢሊየነር ከሆነ በኋላ ነዋ። እኔ የዳይፐር ገንዘብ ነው የማሰላው። አሁንም መልስ አልሰጠኸኝም፣ ምን ሸጥኩ?

አዲስ መታወቂያ፦
እኔም ከስታርታፕ ነው የመጣሁት፣ ትልቅ ኩባንያ ከገባሁ ዓመት ሞላኝ። ጽኑ ያለው ውስጥ እውነት አለ። አንድ በተን (ገጽ ላይ የሚጫን ቁልፍ) ላይ «አስገባ» የሚለውን «ላክ» ለማለት 6 ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዲዛይን፣ ሕግ ክፍል፣ ትርጉም፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እሺ ማለት ነበረባቸው። በፊት የ5 ደቂቃ ሥራ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን አምስተኛዋ ሰው ምን አለችኝ፦ ገጹ ላይ ሌላ «ላክ» አለ፣ ማየት የተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ (ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) ሁለቱን ሲያነብለት የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? አፈርኩ። ስንት በተን በ5 ደቂቃ ቀይሬ ስንቱን ሰው አደናግሬ ይሆን?

ጽኑ፦
ለዚህ 6 ሳምንት ያስፈልጋል? አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር።

አዲስ መታወቂያ፦
ስታርታፑ ውስጥ የምጠይቀው ያ አንድ ሰው አልነበረማ።

መሥራች ነበርኩ፦
ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። ለዋስትና ብላችሁ ከሆነ የሄዳችሁት፣ የቱ ነው ዋስትናው? የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በኖቬምበር 2022 ከ11,000 በላይ ሰው ቀነሰ፣ በማርች 2023 ደግሞ ሌላ 10,000 እቀንሳለሁ አለ። ጉግል በጃንዋሪ 2023 12,000። ስንቱ ጠዋት ኢሜይል ከፍቶ ነው የተረዳው። እኔ ማንንም በኢሜይል አላሰናበትኩም። አብረን በልተናል፣ ቤተሰብ ነበርን። ዋናው ኢንጂነሬ ሥራችንን ይፋ ልናደርግ 9 ቀን ሲቀረን «ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ» ሲለኝ እኔም በሆዴ ያልኩት ያንኑ ነው። ሸጠን።

ደረሰኝ ያዥ፦
ጉግል አሜሪካ ውስጥ ላሰናበታቸው ቢያንስ የ16 ሳምንት ደመወዝ ከፍሏል። እኔ የነበርኩበት ሲዘጋ የመጨረሻ ወራቸውን ያላገኙ ጓደኞች አሉኝ። «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተዉልኝ። ስለቃቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግሩፑ አስወጡኝ፣ ደህና ሁኚ ያለኝ የለም። ቤተሰብ እንዲህ ያደርጋል?

የማታ ተረኛ፦
መሥራች ነበርኩ፣ እርስዎን በአክብሮት ልጠይቅ። ያ ልጅ ሲወጣ ባንክ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬድ ነበር?

መሥራች ነበርኩ፦
ሁለት ወር ተኩል።

የማታ ተረኛ፦
ልጁ ያውቅ ነበር?

መሥራች ነበርኩ፦
አያውቅም። ብነግራቸው ሁሉም በአንድ ቀን ይበተናሉ ብዬ ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት ቁጥሩን እያየሁ ጠዋት እየሳቅኩ እገባ ነበር። እሱ ግን ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ጽኑ፦
መሥራች ሁሉን ይናገር ካላችሁ ማንም ምንም አይጀምርም።

ደረሰኝ ያዥ፦
ሁሉን ማን አለ? አንድ ቁጥር ነው። ስንት ወር ቀረን፣ በቃ። እሱን ሳያውቅ የቆየ ሰው አምኖ ቆየ ይባላል እንዴ?

ጽኑ፦
እሺ፣ «ሸጠ» ከከበዳችሁ «ተወ» በሉት። ከዚያ አልወርድም። የተወ ሰው ግን አለ፣ ከኋላው ሥራውን የሚሸከምም አለ። እኔ ከሚሸከሙት ነኝ። ጓደኛዬ ሲሄድ የእሱን ኮድ እኔ ነኝ እስካሁን የምጠብቀው፣ ለብቻዬ። ስለ እኔ ማን ይጻፍ?

የማታ ተረኛ፦
ይኼን ብትጽፍ ኖሮ ትናንት እኔም «እውነት ነው» እልህ ነበር። አንተ ግን «ሸጠ» ነው ያልከው።

ደረሰኝ ያዥ፦
ጽኑ፣ የእናንተ ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል?

ጽኑ፦
ጠይቄ አላውቅም። እሱ ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?