ጡትን መልሶ መሥራት፦ ሕክምና ነው ወይስ ውበት?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይኸውላችሁ። በካንሰር ምክንያት ጡቷ የተቆረጠ ሴት ጡቷን መልሳ ማሠራት ብትፈልግ ወጪውን መድን ወይም መንግሥት ይሸፍን? ወይስ እንደ ውበት ሥራ ተቆጥሮ ከራሷ ኪስ ይውጣ? ስድብ ይሰረዛል፣ ቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ሙግተኛው፦ እኔ አይሸፈን ባይ ነኝ። ከመወገሬ በፊት ልጨርስ። ካንሰሩ ወጥቷል፣ ነፍስ ተርፋለች። የቀረው ቅርጽ ነው። መድን ማለት ደግሞ የሁላችን ገንዘብ ነው። ኬሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እያለ ለቅርጽ ማውጣቱ አይዋጥልኝም።

ሁለቴ የታከመች፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ዓይኑን ላጣ ሰው ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባለታል አይደል? ያ ዓይን እኮ አያይም። ለቅርጽ ብቻ ነው። «ውበት ነው፣ ከኪስህ ክፈል» ያለው ሰው አጋጥሞህ ያውቃል?

ደግሞ ቅርጽ ብቻም አይደለም። በአንድ በኩል ክብደት አለ፣ በሌላው የለም። ትከሻዬ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጡት መያዣዬ ውስጥ ጥጥ እጠቀጥቃለሁ፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እጄ ደረቴ ላይ ነው። አንዴ ሰው ፊት ወድቆብኛል። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

ሙግተኛው፦ የዓይኑን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ላስብበት። ግን ነገሩ በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያልቅ አይመስለኝም። የሚያውቅ ካለ ያስረዳን።

የቀዶ ክፍል ነርስ፦ ልክ ነህ፣ ብዙ ጊዜ በአንዴ አያልቅም። ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ሲሊኮን ወይም ጨዋማ ውሃ የያዘ ከረጢት ማስገባት ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባዶ ከረጢት ይገባና በየቀጠሮው በመርፌ ውሃ ይጨመርበታል። ቆዳው ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለጠጣል። በኋላ በቋሚው ይተካል። «ቋሚ» ማለታችን ግን አፍ ልማድ ሆኖብን ነው። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ከረጢት የለም። ሊቀደድም ሊቀየርም ይችላል።

ሁለተኛው ከራሷ ገላ መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከእምብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሆድ ጡንቻው አብሮ ይወሰድ ስለነበር ሆድ ይደክም ነበር። በ1990ዎቹ ጡንቻውን ትቶ ስቡንና ቆዳውን ብቻ ማዛወር መጣ። ጥቃቅን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ እየታዩ ደረት ላይ ይሰፋሉ። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ደም ሥሩ ከተዘጋ የተዛወረው ሥጋ ሊሞት ይችላል። ከያዘ ግን የራሷ ነው፤ ስትወፍር ይወፍራል፣ ስትከሳ ይከሳል።

በሁለቱም መንገድ ሲነካ የሚሰማው ስሜት እንደ ድሮው አይመለስም። ይህን ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ስለማያገኙ ብዙዎች በኋላ ያዝናሉ። ጨረር የወሰደች ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ዙሪያ ያለው ጠባሳ የመጠንከርና የመጨምደድ ዕድሉ ይጨምራል። ሲጋራም ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ጡት መልሶ መሥራቱ ግን ካንሰሩን መልሶ አያመጣም፤ ይህን የሚያወሩትን አትስሟቸው።

ሙግተኛው፦ ካንሰር አያመጣም ካልሽ እ.ኤ.አ. የ2019ኙስ? አለርጋን የተባለው ኩባንያ ሻካራ ገጽ ያላቸውን ከረጢቶች ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ሊምፎማ ከሚባል የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር ጋር ስለተያያዙ አይደለም? ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ከረጢት አምራችስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ለኢንዱስትሪ የተሠራ ሲሊኮን ሴቶች ገላ ውስጥ ሲከት የተደረሰበት። ለዚህ ነው የጋራ ገንዘብ የሚወጣው?

የቀዶ ክፍል ነርስ፦ አልክድህም። እኔ ያልኩት የጡት ካንሰሩን ነው። ሊምፎማው ሌላ በሽታ ነው፣ እምብዛም አያጋጥምም፣ በአብዛኛው የታየውም ሻካራ ገጽ ካላቸው ጋር ነው። ፒአይፒ ግን የለየለት ማጭበርበር ነው። አጭበርባሪ መድኃኒት ሸጠ ተብሎ መድኃኒት አይከለከልም፤ ቁጥጥሩ ይጠብቃል።

ታዛቢ፦ ስለ ሕግ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ1998 በሕግ ቋጭታለች። ጡት ለማስወገድ የሚከፍል መድን መልሶ ለመሥራትም ይከፍላል። እንዲመጣጠን ጤነኛውን ጡት ማስተካከልም፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ጡትም፣ ከሕክምናው በኋላ የሚመጣ የክንድ እብጠትም ተካተዋል። ሁለቴ የታከመችው እህት ጥጡን ትገላገል ነበር።

ልሙጧ፦ ስሜን እኔው ነኝ ያወጣሁት፣ አትዘኑልኝ። ሁለቱም ተቆርጠዋል። መልሼ አላሠራሁም፣ አልፈልግምም። ይሸፈን በሚለው እስማማለሁ። ግን ሲሸፈን «ለምን አታሠሪም?» የሚል ግፊት ይዞ እንዳይመጣ።

እኔ «ልሙጥ አድርጉልኝ» ብዬ ነው የገባሁት። ስነቃ ትርፍ ቆዳ ተንጠልጥሏል። «ምናልባት ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብለን ነው» አሉኝ። ማን ጠየቃችሁ? ያን ለማስተካከል ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። ደረትን አሳምሮ ልሙጥ አድርጎ መዝጋትም ሙያ ነው፣ እሱም ይከፈልበት። ገንዘቡ ለከረጢት ብቻ ከሆነ ምርጫ ሰጠን አትበሉ።

ሙግተኛው፦ እሺ፣ በዚህ ተሸነፍኩ። ምርጫው ይሸፈን። ወሰን ግን ይኑረው እላለሁ፤ «አልወደድኩትም» እያሉ አምስቴ ማሠራት አይሁን።

ሁለቴ የታከመች፦ አምስቴ ሰመመን የሚያምራት ሴት ካገኘህ አስተዋውቀኝ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ቀዶ ሕክምናዋ በቅርቡ ነው። ቤተሰቡ «በዚህ ዕድሜዋ ምን ያደርግላታል» ብሎ ጉዳዩን አላነሳላትም። እውነት አይሆንም?

የቀዶ ክፍል ነርስ፦ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ልቧ፣ ስኳሯ፣ ጨረር ያስፈልጋት እንደሆነ፣ እነዚህ ይታያሉ። አሁኑኑ መወሰንም የለባትም፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ይሠራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ሐኪሟን ታነጋግር፣ የቆዳው አቆራረጥ በዚያ ይወሰናል። ለመሆኑ እሷን ጠይቃችኋታል?

አዲስ ገቢ፦ አሁን ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ «ቆይ፣ ከሆዴ ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።