«ተስፋማ የቆረጠው እሱ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

አምባሰል ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአክስቴን አንድ ንግግር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አክስቴ ከውጫሌ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ልጇ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ከተሻገረ ሰንብቷል። መጀመሪያ ደላላ ደውሎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በሬዎቿን ሸጣ ላከች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። ዘንድሮ በልጉም ከድቷታል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ጎረቤቷ «እንግዲህ ተስፋሽን ቁረጪና ልቅሶሽን ተቀመጪ» ብትላት፣ ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ «ተስፋማ የቆረጠው እሱ ነው፤ እኔ ምን ቆርጬ!» አለች። እጇን ወደ ላይ ስለዘረጋች «እሱ» ያለችው እግዚአብሔርን እንደሆነ አያጠራጥርም። ሌላ ቃል አልጨመረችም። «እግዜር ራሱ ትቶኛል» ማለቷ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ካልገባኝ ምን ብዬ አጽናናታለሁ?

ሐይቅ ዳር፦
አይዞህ ወንድሜ። «ቆረጠ» ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ መወሰንም ነው። ሠርግ ሲታሰብ ሽማግሎች ቀን ይቆርጣሉ። ገበያ ላይ ዋጋ ሲያከራክር «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን። ቀን የቆረጠ ሰው ቀኑን አጸናው እንጂ አላፈረሰውም። አክስትህ «ተስፋውን የወሰነልኝ እሱ ነው» ብላለች። ለእኔ ክርክር የለውም።

ሰዋስው ወዳድ፦
ክርክርማ አለው። «ደመወዝ ቆረጠለት» ብትል ወር በወር ሊከፍለው ወሰነ ማለት ነው። «ደመወዝ ቆረጠበት» ብትል ቀነሰበት። ግሡ አንድ ነው፤ ፍቺውን የሚለየው «ለ» እና «በ» ነው። አምባሰል ሥር፣ አክስትህ «የቆረጠልኝ» ነው ያለችው ወይስ «የቆረጠው»? «ልኝ» ካለበት ሐይቅ ዳር ረትቷል። ከሌለበት ግን «ተስፋ ቆረጠ» ተጣብቆ የኖረ ሐረግ ስለሆነ፣ ሰሚ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «ተወኝ» የሚለውን ነው።

አምባሰል ሥር፦
«ልኝ» የሚል የሰማሁ አይመስለኝም። ግን ፊቷ የተተወ ሰው ፊት አልነበረም።

ሰዋስው ወዳድ፦
ፊት ሰዋስው አይሆንም።

ሐይቅ ዳር፦
ይሆናል እንጂ! ሰው ከነድምፁ፣ ከነእጁ ነው የሚናገረው። እጇ ወደ ላይ ነበር ተብሏል። ወቀሳም በዚያ እጅ ይወጣል ብትለኝ እቀበላለሁ፤ እጁ ግን አይቆጠርም አትበለኝ።

ዘዋድላ፦
ልጆች፣ ሥሩን ሳትይዙ ቅርንጫፍ ታወዛውዛላችሁ። በዋድላ ቅኔ ቤት ያደረ ሰው «ተስፋ»ን ከግእዙ «ሰፈወ» ነው የሚያወጣው። «ተሰፈወ» ተስፋ አደረገ፣ «አሰፈወ» ደግሞ ተስፋ ሰጠ፣ ቃል ገባ። ዳዊት በምንደግምበት አፍ «ተሰፈዎ ለእግዚአብሔር» እንላለን። ስለዚህ «ተስፋ» በቤተ ክርስቲያን ልሳን የልብ ምኞት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ከሰጪው እጅ የወጣ ነገር ነው። አማርኛውም ይህን ጠብቆታል። ዕብራውያን ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር «ለአብርሃም ተስፋ በሰጠው ጊዜ» ከእርሱ የሚበልጥ የሚምልበት ስላጣ በራሱ ማለ ይላል። ተስፋ የአብርሃም ስሜት ቢሆን ኖሮ «ሰጠው» ባልተባለ። ይህች ሴት የዳዊት ልጅ ትመስለኛለች። ጎረቤቷ ተስፋን የሴትዮዋ ንብረት አድርጋ «ቁረጪው» አለቻት፤ እሷ ደግሞ «የእኔ አይደለም፣ ሰጪ አለው» ብላ መለሰችላት።

ሰዋስው ወዳድ፦
የኔታ፣ እጅ እነሣለሁ፤ ግን «ሰጠ» እና «ቆረጠ» አንድ አይደሉም። እርስዎ «ተስፋ»ን ፈቱልን፤ የተጠየቀው «ቆረጠ» ነው። በግእዝስ ተስፋ መቁረጥ «ቀቢጸ ተስፋ» አይደለም እንዴ? መቁረጥ የሚባል ነገር የለበትም።

ዘዋድላ፦
ልክ ነህ፣ «ቀብጸ» ነው። እንዲያውም የአማርኛው «ቀበጠ» ከዚያ የመጣ ነው እላለሁ። ጸ ወደ ጠ መሄዱን «ጸጉር» እና «ጠጉር» ይመሰክራሉ። ተስፋ የሌለው ሰው ነገ የለውምና ዛሬን ይቀብጥበታል።

ሰዋስው ወዳድ፦
ድምፁ ይሄዳል፤ ፍቺው ግን ዘልሏል። በመካከል ያለውን የትርጉም ድልድይ ከጽሑፍ አሳዩኝ።

የጦሳ ሥር፦
ወደ «ቆረጠ» እንመለስ፤ ነገሩ እዚያ ነው ያለው። በዕብራይስጥ ቃል ኪዳን ማድረግ «ካራት ብሪት» ነው፤ ቃል በቃል «ኪዳን ቆረጠ»። ዘፍጥረት 15ን አስታውሱ። አብራም ጊደር፣ ፍየልና በግ፣ ሦስቱም የሦስት የሦስት ዓመት፣ ዋኖስና ርግብ ጨምሮ እንዲያመጣ ታዘዘ። እንስሶቹን ከሁለት ከፈለ፤ ወፎቹን አልከፈለም። አሞራ እየወረደ ሲያስቸግረው ቀኑን ሲያባርር ዋለ። የጥንት ሰዎች ኪዳን ሲገቡ በተከፈለው ሥጋ መካከል ያልፉ ነበር፤ ኤርምያስ 34 ላይም በእምቦሳ ቁራጭ መካከል ያለፉ አሉ። ያለፈ ሰው «ቃሌን ባጥፍ እንዲህ ልሁን» ማለቱ ነው። አሁን ልብ በሉ፤ ፀሐይ ስትገባ አብራም ከባድ እንቅልፍ ወሰደው። በቁራጮቹ መካከል ያለፈው የሚጤሰው ምድጃና የሚነደው እሳት ብቻ ነው። አብራም አላለፈም! የኪዳኑ ሸክም በአንዱ ወገን ላይ ወደቀ። አክስትህ «የቆረጠው እሱ ነው፤ እኔ ምን ቆርጬ» ስትል ይህን ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ተረከችው።

ሐይቅ ዳር፦
ይሄ ነው! የብዙዎቻችን ጭንቀት የእኛን እምነት ስንመዝን ነው የሚብሰን። ዛሬ በረታ፣ ነገ ላላ። አብርሃምም ቢሆን ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመቱ። በመካከሉ አጋርን አገባ፣ ሳቀ፣ ፈራ። ኪዳኑ ግን የቆመው በአብርሃም ልብ ላይ አልነበረም።

ሰዋስው ወዳድ፦
ሥነ መለኮቱን አልነካም፤ ያምራል፣ አምናለሁም። ግን የውጫሌ ገበሬ ሴት ዕብራይስጥ አታውቅም። በጥንቱ ግሪክኛም መሐላ «ይቆረጣል»፤ እዚያም መሥዋዕት ስለሚታረድ ነው። ሕዝቦች ሳይገናኙም ተመሳሳይ አነጋገር ይወልዳሉ። መመሳሰሉን ሥርወ ቃል አታድርጉት።

ዘዋድላ፦
የጦሳው ልጅ በሩን ከፈተው እንጂ አልገባበትም። «ኪዳን» ከየት ወጣ? ከ«ኬደ» ነው፤ ረገጠ፣ ተራመደ። «ተካየደ» ቃል ኪዳን ተገባባ። በተከፈለው መካከል የሚራመደው እግር በቃሉ ውስጥ አለ! ዕብራይስጡ ቢላዋውን ያዘ፣ ግእዙ እርምጃውን።

ቦሩ ሜዳ፦
አገሬ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፊት የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደባት ናትና ክርክር አልፈራም። እኔ «ቆረጠ»ን ከ«ቀረጸ» ጋር አስታርቀዋለሁ። ጸ እና ጠ ከላይ ተመስክሮባቸዋል። ኢሳይያስ 49ን እዩ፤ እናት ልጇን ልትረሳ ትችላለች፣ እኔ ግን አልረሳሽም ካለ በኋላ «በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ» ይላል። የቀረጸው ተስፋ አይፋቅም። ልጇ ለጠፋባት እናት ከዚህ የሚቀርብ ምን አለ?

ሰዋስው ወዳድ፦
«ቆረጠ» እና «ቀረጸ» ዘመዳሞች መሆናቸውን እቀበላለሁ። ሴትዮዋ ግን ቁርጥ እንጂ ቅርጽ አላለችም።

ገራዶ፦
ሁላችሁንም አንብቤ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ሥሩን ተውትና ልጠይቃችሁ፦ እግዚአብሔር ለዚህች እናት የቆረጠላት ተስፋ የትኛው ነው? ልጅሽ ይመለሳል ያለበት ጥቅስ የታለ? ለአብርሃም የተነገረውን ሁሉ ለየራሳችን ስናደርገው፣ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር «እምነትሽ አንሶ ነው» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። እኔ ይህን በወንድሜ ሕመም ጊዜ አይቻለሁ። መከራው ሳያንሰው ጥፋተኛ ተደረገ። ለሁላችን የተሰጠው ተስፋ ይታወቃል፤ «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» ነው፣ የሙታን ትንሣኤ ነው፣ ከክርስቶስ ፍቅር የሚለየን የለም ነው። የልጁ መመለስ ግን ልመና ነው፤ ሌት ተቀን የሚለመን ልመና። ተስፋውንና ልመናውን አትቀላቅሉባት።

ሐይቅ ዳር፦
ገራዶ፣ ልክ ብለሃል፤ ግን እጅግ አታጥብበው። በሰባ ሰባት እናቴ ኮረም ሜዳ ላይ ነበረች። እህል ያልደረሰላቸው፣ ልጅ የቀበሩ እናቶች ማታ ማታ ሲጸልዩ ሰምታለች። የጠየቁትን ያላገኙ ናቸው። ተስፋቸው ባዶ ነበር ማለት ነው?

ገራዶ፦
ባዶ አልነበረም፤ እኔም እሱን ነው የምለው። ዕብራውያን 11 አምነው ስለሞቱት ሲናገር የተስፋውን ቃል «ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት» ይላል። ወሎዬ ይህን ቃል እንዴት ያጣዋል? መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ሰው አምባው ገና ከማዶ ሲታየው ጫማውን ያወልቃል፣ ይሰግዳል፣ ይሳለማል። አቀበቱ ግን ፊቱ ነው፤ ጉልበቱ ይዝላል፣ ያረፈው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጎነጫል። አንዳንድ ሽማግሌ ከግርጌው ሳያልፍ ይቀራል። እሱም ተሳልሟል። ግሸን የለችም ብሎ የሚከራከረው ግን የለም።

ቦሩ ሜዳ፦
«ተሳለሙት» የሚለውን አንድም ቀን እንዲህ አንብቤው አላውቅም።

ደጋን ሰፈር፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በመጽሐፋችሁ ጉዳይ አልገባም። የልጁን ስም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እናቴ ሐሙስ ወዳጃ ትቀመጣለች፤ ዱዓ እናደርግለታለን። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ የሌለው ሰፈር የለንም።

አምባሰል ሥር፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ልኬልሃለሁ። የገራዶ ነገር ልቤን ነክቶኛል። ግን የጠየቅኋችሁ አልተመለሰም። «ተወኝ» ነው ያለችው ወይስ «አጸናልኝ»?

ሰዋስው ወዳድ፦
እንደ ሰዋስው ሁለቱም ይቻላል። የመጨረሻ ቃሌ ነው።

የጦሳ ሥር፦
ሁለቱም ይሁን። በመዝሙር 21 «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ያለው አፍ «አምላኬ» ማለቱን አልተወም። ጌታም በመስቀል ላይ ያን ቃል ነው ያነሣው። የተተወች መስሏት ወደ እሱ ከተናገረች፣ ያው ይዛዋለች። ኢዮሣፍጥ ያን ሁሉ ጦር ባየ ጊዜ «የምናደርገውንም አናውቅም፤ ነገር ግን ዓይኖቻችን ወደ አንተ ናቸው» አለ። አናውቅም ማለቱ እምነት ማጣት ሆኖ አልተቆጠረበትም።

ወለተ ገብርኤል፦
ወንድሞቼ፣ ከሥርወ ቃሉ ጎን አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። የልጁን ሙሉ ስም፣ ፎቶውን፣ የወጣበትን ጊዜና የመጨረሻ የደወለበትን ቁጥር ይዛ ደሴ ቅርንጫፉ ትሂድ። ደላላ ነኝ የሚል ቢደውልላት ደግሞ የልጁን ድምፅ ሳትሰማ ሳንቲም እንዳትልክ። ይህን የምለው እምነቷን ለማቃለል አይደለም። ነህምያም ጸለየ፣ ዘብም አቆመ።

አምባሰል ሥር፦
እትዬ፣ ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። አሁን ደወልኩላት። ማክሰኞ ፎቶውን ይዛ ትመጣለች። ስለ «ልኝ» አልጠየቅኋትም፤ በስልክ አፌ አልታዘዘልኝም። የዕብራውያንን ምዕራፍ ግን ነገርኋት፤ ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ አስጽፋዋለች።

ሰዋስው ወዳድ፦
ማክሰኞ ደሴ ነኝ። መናኸሪያ እቀበላታለሁ፣ ቅጽ ካለ እኔ እሞላላታለሁ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

ዘዋድላ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። እኔም በኪዳኑ ጸሎት አነሣቸዋለሁ፤ የልጁን ክርስትና ስም ላኩልኝ። የ«ኬደ»ን ነገር ግን ማንም አላፈረሰብኝም። «ተካየደ» ከመርገጥ አልወጣም የሚል ካለ፣ ከሌላ ከየት እንዳወጣው ከነምስክሩ ያምጣ።